የአውራ ጣት ማር

«አሕመድኑር የሚባል ሰው አላውቅም» አለች ሀይማኖት።

ይህን ያለችው ለመርማሪው ነው። የሰማቻት ግን ቁርስ ይዛ የፖሊስ ጣቢያው መስኮት ሥር ቆማ የነበረች እናቷ አሰጋሽ ናት። አሰጋሽ የሰማችውን ይዛ፣ ባዶ ሳህኗን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ቀጥ ብላ የመጣችው አያ አሕመድኑር ቤት ነው። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ከዚያም ላይ አንዱ ቆርቆሮ ከወለቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እሳት መለዋወጫ፣ ዶሮ መመላለሻ፣ ሐሜት ማሻገሪያ ስለሆነ ይጠገን ያለ ሰው የለም። በዚያች ቀዳዳ ሾልካ ገባችና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ «አላውቀውም አለች። እርስዎን፣ አላውቀውም» አለች።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፤ መብራት እስኪመጣ ድረስ ጧት ጧት አያ አሕመድኑር ዘንድ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። ስሜ በእውቀቱ ነው፤ እውቀቱ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ደክሞት ቀርቷል። አያ አሕመድኑር ኮርቻ ሠሪ ናቸው። ከከላላ ድረስ በቅሎ እየሳቡ የሚመጡባቸው እጀ ብርቱ ሰው። የዚያን ጧትም አንድ የተቀደደ ኮርቻ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይሰፉ ነበር፤ አሰጋሽ ስትናገር ወስፌው ቆዳው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

«ስንት ጊዜ ጠየቃት?» አሉ።

«ሦስት ጊዜ። ሦስቴም አላውቅም አለች።»

እኔ ክርስቲያን ነኝና ሦስቴ መካድ ሲባል ዶሮ ትዝ አለኝ። ዶሮም ጮኸ፤ ነገር ግን የአሰጋሽ አውራ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ስለሚውል ለምልክት የሚሆን አልነበረም። አያ ሬዲዮኑን አጠፉት። እኔ በማውቃቸው ሃያ ዓመት ውስጥ ዜና ሳያልቅ ሬዲዮ ሲያጠፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሀይማኖት ዐረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ ደላላው «በክርስቲያን ስም ቪዛው ይዘገያል፤ የእስላም ስም ካገኘሽ በአንድ ወር ትበሪያለሽ» አላት። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እስከ ዛሬ አጣርቶ የነገረን የለም፤ ከእኛ አካባቢ እንዲህ እየተባሉ የሄዱ ልጆች ግን ብዙ ናቸው። አባቷ ሞላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበር። አያ አሕመድኑርና ሚስታቸው እትዬ ኡምኩልሱም ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሀጀራ ትባላለች፤ በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። አያ ቀበሌ ሄደው «ሀጀራ አሕመድኑር የተባለችው ልጄ ይህች ናት» ብለው ሀይማኖትን አቀረቡ። ፈረሙ። ፊርማ ብቻ አይበቃም ሲሏቸው የቀኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሀይማኖት በአንድ ቀን የሃያ አምስት ዓመት ሀጀራ ሆነች፤ በሟቿ ስም ሪያድ ገባች፣ በሟቿ ስም የሰው ልጆች አሳደገች፣ በሟቿ ስም ባለፈው ወር ተመለሰች። በእኛ ሰፈር ይህ ምስጢር አልነበረም። ምስጢር መሆን እንደነበረበት እንኳ ረስተነዋል። እስላሙ ሀጀራ ይላታል፣ ክርስቲያኑ ሀይማኖት ይላታል፤ እሷም ለሁሉም አቤት ትላለች።

የተያዘችው ደግሞ፣ ይህን ስናገር ቅር አይበላቸውና፣ በራሳቸው በአያ አሕመድኑር ትጋት ነው። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ስለዚህ እንግዳ የተቀበለ፣ ቤት ያከራየ ሁሉ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቀበሌ ያስመዝግብ፤ ጸጉረ ልውጥ ያየም ይጠቁም የሚል መመሪያ ወጣ። በቅሬያችን፣ በእድራችን ማለቴ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሰዉ አጉረመረመ። «ከሰማይ በታች እንግዳ የሚያስመዘግብ ወሎዬ ማን አየ? የመጣውን ‹ቤት ለእንግዳ› እንበለው ወይስ ‹መታወቂያህን አሳይ›?» አለ አንዱ። አያ አሕመድኑር የቅሬው ዳኛ ናቸውና ተነሥተው ተናገሩ። «ጸጥታ ያለ ሕግ ዱላ ነው፤ ሕግም ያለ ጸጥታ ወረቀት ነው። ሁለቱንም የሚያኖራቸው ሰው እውነቱን ሲያስመዘግብ ነው» አሉ። እኔ የቅሬው ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃሉን በመዝገብ አስፍሬዋለሁ፤ ዛሬም ገልጬ ማሳየት እችላለሁ። በማግሥቱ አሰጋሽን እጇን ይዘው ቀበሌ ወሰዷትና ልጇን አስመዘገቧት። ሀይማኖት ሞላ ብላ።

ማክሰኞ ጧት መዝገቡን ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩት አጣሪዎች መጡ። ሀይማኖት ጥርሷን እየፋቀች ወጣችና መታወቂያ ሲሏት በደግ ልብ ፓስፖርቷን ሰጠች። ሀጀራ አሕመድኑር ይላል። «መዝገቡ ላይ ያለችው ሌላ ናት» አለ ከአጣሪዎቹ አንዱ። እኛ ደግሞ፣ ጎረቤት አይደለን፣ ልንረዳት ተሯሯጥን። አንዱ «ሀጀራም ሀይማኖትም ናት» አለ። ሌላው «አንዱ ስም የእዚህ ነው፣ አንዱ ስም የእዚያ ነው» ብሎ አብራራ። እኔም ሳልጠየቅ «ሁለት ስም እንዳላት ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል» አልኩ። በመልካም ምስክርነታችን ይዘዋት ሄዱ።

ይኸው ሐሙስ ሆነ። አርባ ስምንት ሰዓቱ ዛሬ ያልቃል፤ አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አሰጋሽ መስኮቱ ሥር የሰማችው ሌላም ነገር ነበር። መርማሪው አሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ ሊጠይቅባት፣ ማንነቷ እስኪጣራም ወደ ዞን ሊልካት ነው። አሰጋሽ ይህን ተናግራ ዝም አለች። ዝምታዋ ይገባናል። ልጄን አስፈቱልኝ ብትል ጎረቤቷን እሰሩልኝ ማለቷ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃ ያገኘቻትን ልጅ ዳግም መኪና ላይ ልትጭን ነው። ሳህኑን ከነጠላው ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች።

የአያ አሕመድኑር ክፍል ጠባብ ናት። በአንድ በኩል አልጋ፣ በአንድ በኩል ያላለቁ ኮርቻዎች፣ ግድግዳው ላይ የመካ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነች አንዲት መጽሐፍ በምስማር ተንጠልጥላለች። ሕገ መንግሥቱ ነው። አያ አሥራ አምስት ዓመት የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ የተረፋቸው ሀብት ይህችው ናት። ሬዲዮ ላይ ስለ አገር ደኅንነት የሚከራከሩ ምሁራን ሲመጡ መጽሐፏን አውርደው ገጹን ገልጠው ይጠብቋቸዋል። ምሁሩ ቢሳሳት «ንዑስ አንቀጽ ሦስትን ዘለላት!» ብለው ሬዲዮኑን ይገሥጹታል። እኔም «አያ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም» ስላቸው «ሕግ የሰማ ይሰማዋል» ይሉኛል። የዚያን ጧት መጽሐፏን አወረዱ፤ የተያዘ ሰው ያለበት ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ሳያነቡት መልሰው ሰቀሏት። በቃላቸው ነው የሚያውቁት።

በዚህ ጊዜ ነው እኔ ዘዴዬን ያወጣሁት። በፌስታል ያመጣሁት አንድ ብልቃጥ ነጭ ማር ነበር፤ ኪሎው ዘጠኝ መቶ ብር በገባበት ዘመን አልታዬ ከምትባለዋ ነጋዴ ግማሽ ኪሎ ገዝቼ። ለዘዴዬ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ነው። ትናንት ማታ ከቅሬው ሽማግሌዎች ጋር መክረንበታል። እንደሚታወቀው አንድ ሰው የሌላውን ልጅ ልጁ ሲያደርግ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባታል፤ ከዚያ ወዲያ የጡት አባቷ ነው፤ ብትሞት ሐዘን ይቀመጣል፣ ብታገባ ይመርቃል።

«አያ» አልኩ፣ «ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማር አጥብተዋት ነበር እንበል። እኔ ነበርኩ፣ ሌሎቹም ነበሩ። የጡት ልጅዎ ናት። ስሙ የአባቷ ስም ነው። ማን ሐሰት ይለዋል?»

«ነበርክ?»

«አልነበርኩም። ግን በአካባቢው ነበርኩ።»

«በእውቀቱ፣ እኔ ዳኛ ሳለሁ ለፍየል ምስክርነት ቀርበህ ፍየሏ ነጭ ናት ብለህ ጥቁር ሆና የተገኘች ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«ጨልሞ ነበር እኮ አያ።»

«ቀትር ነበር።»

አሰጋሽ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ፈገግ አለች። አያ ግን አልሳቁም። «አሥራ አምስት ዓመት ስንቱን እውነት ተናገር ብዬ አስምያለሁ። አንድ ቀን ዋሸሁ፤ ያውም በአውራ ጣቴ። አሁን ያንን ውሸት በማር ላጥበው? ሐራም ነው፤ ማሩም ያሳዝናል» አሉ።

«እውነቱን ከተናገሩ እኮ እርስዎ ይታሰራሉ።»

«ሕጉ ሌላ ምን ይላል ብለህ ነው?»

እትዬ ኡምኩልሱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ በማውቃቸው ዘመን ሁሉ በዚያ ቤት የሀጀራ ስም ሲጠራ የሰማሁት የጎረቤቷን ልጅ ሲጠሩበት ብቻ ነው፤ ስለ ሟቿ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ተነሥተው ከሳጥኑ ውስጥ ለዒድ ብቻ የሚወጣውን ነጭ ጀለቢያ አወጡ፣ አራገፉ፣ ባላቸው ትከሻ ላይ ጣሉት። ከዚያ አንገትጌውን እያስተካከሉ፣ «ስሟን ስትጠራ ድምፅህን ከፍ አድርግ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት በሹክሹክታ ነው የጠራናት።»

ወጣን። ባጃጅ እስከ ፍርድ ቤቱ ሠላሳ ብር ብሎን ነበር፤ አያ «ሠላሳ ብር ከፍዬ ለመታሰር አልሄድም፤ በእግሬ እደርሳለሁ» አሉ። የጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ነፋሱ የስንዴ ገለባ ያመጣል፣ አፈሩም ዓይን ውስጥ ይገባል። አንዲት የጭነት መኪና ጎማዋን አውልቃ መንገዱን ዘግታለች፤ በጎኗ ስናልፍ ረዳቱ አያን አውቋቸው «ኸይር ነው አያ? በዒድ ልብስ የት ነው?» አላቸው። «ኸይር ነው። ልጄን ላስፈታ» አሉ። እሱ «አላህ ያግራው» አለ፤ ምን እንደሆነ አልገባውም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ሰዉ ተሰልፏል፤ ለአዲሱ መታወቂያ ስማቸው ከትምህርት ማስረጃቸው ያልተስማማ ልጆች ናቸው። አንዲት ሴት «እናቴ ያወጣችልኝ ሌላ፣ ክርስትና ስሜ ሌላ፣ አስተማሪው የጻፈው ሌላ፤ አሁን የትኛዋ ነኝ?» እያለች ትሟገታለች። አያ ቆም ብለው አዳመጧትና «የምትጠየቂበትን ያዢ» ብለዋት አለፉ። እኔ ከኋላ ከኋላ ፌስታሌን እያንጠለጠልኩ እከተላለሁ። ማሩን ቤት መተው ነበረብኝ፤ ግን ተስፋ የሚባል ነገር አለ። ችሎቱ ፊት ሲቆሙ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ?

የችሎቱ ክፍል ከወፍጮ ቤታችን ብዙ አትሰፋም። አምስት አግዳሚ ወንበር፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ ባንዲራ፣ መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን የተተካ አንድ መስኮት። ዳኛዋ የኔአለም ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከካባዋ ሥር ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፣ ጉንፋን ይዟታል። አያ «ይህች ልጅ ጥሩ ናት፤ ስታዳምጥ አትጽፍም፣ ስትጽፍ አታዳምጥም» ብለው አንድ ጊዜ አመስግነዋታል፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርማሪው ኢንስፔክተር በፍቃዱ አገሩ ራቅ ይላል፤ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ከእኛ አቧራ ጋር የማያልቅ ጦርነት ያለበት ልጅ ነው። ሀይማኖትን አስገቧት። ጸጉሯን ለሁለት ቀን አላበጠረችም። ገና ስትገባ አያን በነጭ ልብስ ሦስተኛው ወንበር ላይ አየቻቸው፤ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

በፍቃዱ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ ተጠርጣሪዋ በሁለት ስምና በሁለት ዕድሜ ትንቀሳቀሳለች። በሰነዱ ላይ አባት ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ ስንጠይቃት አላውቅም ትላለች። በዚህ ወቅት ማንነቱ ያልታወቀን ሰው በቸልታ ብንለቅና ነገ ጉዳት ቢደርስ የሚጠየቀው ማነው? ለማጣራት አሥራ አራት ቀን ይሰጠኝ» አለ። እውነቱን ልናገር፣ አልከፋም አነጋገሩ። ሬዲዮ ላይ ሰምቼው ቢሆን ራሴን እነቀንቅ ነበር። ሰው የራሱ ጎረቤት ሲሆንበት ነው እንጂ ሕግ ሲጠብቅ ደስ ይላል።

ዳኛዋ ወደ ሀይማኖት ዞረች። «ሀጀራ ነሽ ወይስ ሀይማኖት?»

«ሁለቱንም ነኝ።»

«ሕጉ አንዷን ነው የሚፈልገው።»

«ሀይማኖት ነኝ። የሞላ ልጅ።»

«አሕመድኑር ማነው?»

«አላውቀውም። ደላላው ከራሱ የጻፈው ስም ነው።»

አራተኛ ጊዜዋ ነው። ከእኛ ወንበር እስከ እሷ ሦስት እርምጃ አይሞላም። አያ አሕመድኑር ተነሡ።

«ይቀመጡ አባቴ፣ ተራዎ አይደለም» አለች ዳኛዋ።

«ተራዬማ ካለፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

«ማን ይባላሉ?»

«አሕመድኑር እባላለሁ። ያ የማይታወቀው።»

ክፍሉ ሳቀ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ማዳመጥ ጀመረች ማለት ነው። ሀይማኖት «ተዉአቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ የሚሉትን አያውቁም!» ብላ ጮኸች፤ ፖሊሷ ክንዷን ያዘቻት። አያ ወደ ፊት ወጡ። ጀለቢያቸው በሳጥን ውስጥ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም ነበር። «ሀጀራ አሕመድኑር ልጄ ናት!» አሉ፤ እስከ ግቢው በር ተሰማ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ «በስድስት ዓመቷ ሞታለች» አሉ። «ይህች የቆመችው ደግሞ ሀይማኖት ሞላ ናት፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። የልጄን ስም ቀበሌ ሄጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ፈርሜያለሁ፣ በዚህም ጣት አትሜያለሁ። እሷ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ሕጉ ገና ልጅ ይላታል። እኔ ግን ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያውም ዳኛ ነበርኩ። የተጠየቀው የሰው ማንነት ነው፤ የእሷ ይኸው ታወቀ። የቀረው የእኔ ነው።»

«በሕግ ወይም በባህል ልጅዎ አድርገዋት ያውቃሉ?» አለች ዳኛዋ። በማርያም እላችኋለሁ፣ ጥያቄዋ ልክ እኔ ያዘጋጀሁትን መልስ ለመቀበል የተዘረጋ እጅ ይመስል ነበር። ፌስታሌን አንኮሻኮሽኩ። አያ ዞር ብለው አዩኝ፤ ፌስታሉንም አዩ። አፌን ከፍቼ «ማር» ለማለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። «አድርጌያት አላውቅም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ። «ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አላደረግሁትም።»

አሰጋሽም ተነሥታ እናት መሆኗን ተናገረች፤ የክርስትና ወረቀቷንና የሞላን መታወቂያ ከጡቷ ሥር አወጣች። ዳኛዋ ሁሉንም አገላብጣ አየችና «ኢንስፔክተር፣ አሥራ አራት ቀን የጠየቁት ማንነቷን ለማጣራት ነው። ማንነቷ ተጣርቷል?» አለች። በፍቃዱ ገና ሌላ የምፈትሸው አለ ቢል ማን ይከለክለው ነበር? አያን አየ፣ የተወለወለ ጫማውን አየ። «ተጣርቷል» አለ። ያን ቀን እኔ ሁለት ሰው ነው ያደነቅሁት፤ ሁለተኛው እሱ ነው። ሀይማኖት በሰው ዋስ እንድትለቀቅ፣ የሰነዱ ጉዳይ በውጭ ሆና እንዲታይ፣ አያ አሕመድኑርም ለፖሊስ ቃላቸውን እንዲሰጡ ታዘዘ።

በረንዳ ላይ ስትወጣ ታቅፋቸዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጮኸችባቸው። «ማን ተናገሩ አለዎት? ሁለት ቀን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ የተኛሁት ለምን ይመስልዎታል? እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ችያለሁ፤ አሥራ አራት ቀን ያቅተኛል? እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ!» አለች። እንባዋ ከንዴቷ ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። አያ ታግሠው ሰሟት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ። አንቺ አላውቀውም ስትይ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀኛል። እኔ አላውቃትም ብል ግን ማን ይቀረኛል?» አሉና በፍቃዱን ተከትለው ሄዱ።

ጣቢያው ውስጥ ቃል መስጠቱ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የፈጀው አያ ስለሸሸጉ አይደለም፤ ስላልሸሸጉ ነው። በፍቃዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ እሳቸው ሁለት ይጨምሩለታል። ገና ሲቀመጡ «መጀመሪያ የገባሁበትን ሰዓት ጻፍ። ስድስት ሰዓት ከሩብ። አርባ ስምንቱ ከዚህ ነው የሚቆጠረው» አሉት።

«አባቴ፣ ዛሬውኑ በዋስ ሊወጡ ይችላሉ እኮ።»

«መውጣቴ ሌላ ነው፣ ሰዓቱ ሌላ ነው። አንተ ጥሩ ልጅ ነህ፤ ነገ ግን በወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ ይሆናል። ጻፈው።»

ጻፈው። እኛም በኮሪደሩ በኩል በተከፈተው በር እናያቸው ነበር። ካለቀ በኋላ በፍቃዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ እንዲህ አላቸው፦ «እኔ ሰውን ማሰር ደስ የሚለኝ ይመስልዎታል? ሁለት ስም ሳይ የምፈራው ስለ እናንተው ነው። እርስዎን የመሰለ ሰው እንዲህ ካደረገ እኔ መዝገቡን እንዴት ልመን?» «እውነት ብለሃል» አሉ አያ። «በዚህ ነው የምቀጣው። መፍራትህን ግን አትተው፤ ከመፍራትህ በፊት ጠይቅ እንጂ። አጥሩ ላይ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ገብተህ ብትጠይቀኝ ማክሰኞውኑ እነግርህ ነበር።» ዋስ ሲጠየቅ አሰጋሽ ከእኔ ቀድማ ፈረመች። ጉዳዩን ዓቃቤ ሕግ አይቶ በኅዳር አጋማሽ እንደሚጠራቸው ተነገራቸው፤ ሊከሰሱም ይችላሉ። ከዚያ አሻራ ሰጡ፤ አሥሩንም ጣት ቀለም እየነከሩ፣ አንድ በአንድ። ጨርሰው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ የዒድ ልብሳቸው እንዳይበላሽ ሁለቱን እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው፤ ወጥ የነካ እጁን የሚያስታጥበው እንደሚጠብቅ ሰው።

ሀይማኖት ንዴቷ በርዶ ወደ እኔ መጣች። «ይህ ፌስታል ከጧት ጀምሮ ምንድን ነው?» አለችኝ። ምን ልበል? ዘዴዬን ነገርኳት፤ እሳቸው እንዴት እንዳሳፈሩኝም ነገርኳት፤ የፍየሏን ነገር ብቻ ዘለልኩ። ከዚያ ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ ሄደች፤ አግዳሚው ፊት ተንበረከከች፤ ክዳኑን ከፈተች።

«ሀይማኖት፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አያ።

«የቱ ጣት ነው ያተመልኝ?»

«ተይ ልጄ፣ ቀለም ነው። ካስፈለገ ልታጠብና…»

«የታጠበ ጣት ምን አደረገልኝ? ያተመውን ነው የምፈልገው።»

በፍቃዱ ወረቀቶቹን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አሰጋሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እትዬ ኡምኩልሱምም ቤት መቀመጥ አቅቷቸው መጥተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። አያ ሚስታቸውን አዩ። እትዬ ኡምኩልሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ የቀኝ እጃቸውን ወደ እሷ አቀረቡ። ጥቁር አውራ ጣታቸውን ብልቃጡ ውስጥ አጠለቁት፤ ያ ኪሎው ዘጠኝ መቶ ብር የገባ ነጭ ማር ጠቆረ። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ጣታቸውን ጠባች፤ ስትነሣ ከንፈሯም ጥርሷም ጥቁር ነበር። «ያባ» አለቻቸው፣ ሪያድ ያሳደገቻቸው ልጆች አባታቸውን እንደሚጠሩት።

አያ አሕመድኑር ወደ በሩ ዞሩ።

«በፍቃዱ» አሉ፣ «ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።»

«ጻፈው። ጧት ለዳኛዋ ልጄ አይደለችም ያልኩት ልክ ነበር። ልጄ የሆነችው አሁን ነው።»

በፍቃዱ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጻፈው።